የማቀዝቀዣ ድምፅ፤ ጤነኛውን ከሕመምተኛው ስለ መለየት

በአንድ ቤት ውስጥ ካሉት የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች መካከል ሌሊትና ቀን፣ በዓልና አዘቦት ሳይለይ በሥራ ላይ የሚገኘው ማቀዝቀዣው፣ በተለምዶ ፍሪጅ የምንለው ስለ ሆነ፣ ድምፁ ከቤተ ሰቡ ጆሮ ጋር ተዋሕዶ እንዳልተሰማ ያህል ይቈጠራል፤ ነገር ግን ያ የተለመደ ድምፅ በድንገት ጠባዩን የለወጠ እንደ ሆነ ባለቤቱ ወዲያው ይታወካል፤ የሰማውንም የሚተረጕምበት ዕውቀት ከሌለው ወይ ሊፈራ በማይገባው ነገር ይሸበራል፣ ወይ ሊፈራ በሚገባው ነገር ቸል ይላል። ስለዚህ የድምፆቹን ነገር በየወገናቸው ለይቶ ማወቅ ለቤት አስተዳዳሪ ሁሉ የሚጠቅም ትምህርት ነው።

የድምፁ ምንጭ በመሣሪያው ታሪክ ውስጥ ተገልጾ ይገኛል። አሜሪካዊው ጄኮብ ፐርኪንስ እ.ኤ.አ. በ1834 በለንደን የፈጠራ መብት ያገኘበት ጥበብ፣ ተንን ጨምቆ ወደ ፈሳሽነት መመለስ፣ ፈሳሹም ዳግመኛ ተን በሚሆንበት ጊዜ ከአካባቢው ሙቀትን እንዲስብ ማድረግ ነበር፤ የዛሬውም ፍሪጅ አብዛኛው በዚሁ ሥርዓት ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1922 የስዊድን ሰዎች ባልትዛር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ የፈለሰፉት ሌላው ዓይነት ግን በሙቀት ኀይል ብቻ፣ ያለ ሞተር የሚሠራ በመሆኑ ድምፁ ከሞላ ጐደል አይሰማም። ከዚህም የምንረዳው፣ ቅዝቃዜ በባሕርዩ ድምፅ የሌለው መሆኑንና፣ ከፍሪጅ የምንሰማው ሁሉ የሞተር፣ የፈሳሽ፣ የነፋስ ወይም የገላው እንቅስቃሴ መሆኑን ነው።

ከእነዚህ ድምፆች የሚበዙት የጤና ምልክቶች ናቸው። ከበስተኋላ ከግርጌ የሚሰማው እምም የሚል ድምፅ ተኑን የሚጨምቀው ሞተር፣ የኮምፕሬሰሩ ነው፤ የአገራችን ኤሌክትሪክ በሰኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ሲሆን፣ የማግኔቱ ስበት በእያንዳንዱ ምልልስ ሁለት ጊዜ ስለሚበረታ፣ ሞተሩ በሰኮንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ኮምፕሬሰሩ ካረፈ በኋላ የሚሰማው የመንቆርቆርና የፉጨት ድምፅ፣ የማቀዝቀዣው ፈሳሽ በቀጭኑ ቱቦ አልፎ ወደ በረዶ ቤቱ ሲገባ የሚሰጠው ነው። ጭር ባለ ሌሊት ጠሽ ብሎ የሚያስደነግጠውም የውስጡ ፕላስቲክ በሙቀትና በቅዝቃዜ ሲሰፋና ሲጠብ ነው፤ በረዶውን ራሱ በሚያቀልጠው ዓይነት ደግሞ ጠብታው በጋለው ማሞቂያ ላይ ሲያርፍ ቸስ ይላል።

የሕመም ድምፆች ግን አመጣጣቸው ሌላ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ጩኸት የሌለበት፣ ቀጭን ድምፅ ነው፤ ይኸውም ቀጭ ብሎ፣ ጥቂት ሰኮንድ አቃስቶ፣ ዳግመኛ ቀጭ ብሎ ዝም ሲልና፣ ከደቂቃዎች በኋላ ያንኑ ሲደጋግም ነው። ይህ ማለት ኮምፕሬሰሩ ሊነሣ ሞክሮ ስላልቻለ መከላከያው ኀይሉን ቈረጠበት ማለት ነው። ምክንያቱም የማስነሻው ሪሌ መበላሸት፣ የኮምፕሬሰሩ መያዝ፣ ወይም የመብራቱ ኀይል ከ220 ቮልት እጅግ መውረድ ሊሆን ይችላል። መብራት ጠፍቶ ወዲያው በተመለሰ ጊዜም በቱቦዎቹ ውስጥ ያለው ግፊት ገና ስላልተስተካከለ ይኸው ይደርሳል፤ ስለሆነም መብራት በሚመላለስበት ሰፈር ፍሪጁን ነቅሎ አምስት ደቂቃ ያህል ማቆየት፣ ወይም ኀይሉን አዘግይቶ የሚለቅ ስታቢላይዘር ማስገባት ታላቅ ጥበቃ ነው።

ሁለተኛው ወገን የማራገቢያው ድምፅ ነው። ከውስጥ የሚሰማ የመፋቅ ወይም የጩኸት ድምፅ በር ሲከፈት የሚቆም፣ ሲዘጋም የሚመለስ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ የማራገቢያው ክንፍ ከተጋገረ በረዶ ጋር መነካካቱን ያሳያል። መድኀኒቱ ፍሪጁን ነቅሎ፣ በሩን ከፍቶ በረዶው በራሱ እስኪቀልጥ መታገሥ ነው፤ በረዶውን በቢላዋ መፈልፈል ግን ቱቦውን በስቶ ጋዙን ማፍሰስ ይሆናልና ፈጽሞ አይገባም። በረዶው ቶሎ ቶሎ የሚመለስ እንደ ሆነም የበሩ ጎማ መላላቱን ወይም የማቅለጫው ክፍል መበላሸቱን መመርመር ያሻል።

ሦስተኛውና ቀላሉ መንቀጥቀጥ ነው፤ እግሮቹ እኩል ሳይቆሙ፣ ጀርባው ከግድግዳ ተጣብቆ፣ የውሃ ማጠራቀሚያው ሳሕን ተናውጦ፣ ወይም ጠርሙሶች ተደጋግፈው የሚፈጠር ነው። ድምፁ በሚሰማበት ሰዓት ገላውን በእጅ መዳፍ ጫን ማለት፣ ድምፁ ከቆመም እግሮቹን ማስተካከል ይበቃል።

ማናቸውንም ክፍል ከመንካት በፊት ገመዱን ከሶኬት መንቀል ይገባል፤ አሁን በብዙ ፍሪጅ የሚሞላው አር600ኤ የተባለው ጋዝ ተቀጣጣይ ስለ ሆነ፣ የጋዝና የኮምፕሬሰር ሥራ ለባለሙያ ይተው። ለባለሙያውም «ፍሪጄ ይጮኻል» ከማለት ይልቅ፣ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ፣ መቼ እንደሚጀምር፣ በስንት ጊዜም እንደሚመላለስ አጥርቶ መንገር ይገባል፤ እነዚህን ሦስት ነገሮች አስተውሎ የያዘ ሰው ያለ አስፈላጊነት ኮምፕሬሰር ከመለወጥ ወጪ ይድናል፤ በውስጡ የተቀመጠውን የልጆች ምግብና የሕመምተኛ መድኀኒትም ሳይበላሽ ይጠብቃል።