ተጨማሪ መረጃ፦ የሁለቱ ባይኖኩላሮች ልዩነት

ጦር ኃይሎች አካባቢ ከፎቅ ላይ ሆናችሁ የወጨጫን ተራራ በባይኖኩላር ስትመለከቱ፣ የተገለበጠውን ምስል የሚያቃናላችሁ ፕሪዝም ነው። የፊት ሌንሶቹ ከዓይን ሌንሶቹ ይልቅ ተራርቀው ካያችሁ፣ መሣሪያው ባለ ፖሮ ፕሪዝም ነው፤ ስሙን ያገኘው በ1854 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ካስመዘገበው ጣሊያናዊው ኢግናዚዮ ፖሮ ነው። በውስጡ ብርሃን አራት ጊዜ በሙሉ ውስጣዊ ነጸብራቅ ስለሚመለስ ብክነቱ አነስተኛ ነው። ቱቦው ቀጥ ያለው ባለ ጣሪያ ፕሪዝም ነው። በተለመደው ዓይነት አንዱ የፕሪዝም ገጽ እንደ መስታወት መቀባት አለበት፤ ጣሪያው ላይ ለሁለት የሚከፈለው ብርሃንም ልዩ ቅብ ካላገኘ ምስሉ ጥራት ያጣል። ስለዚህ ዋጋው ዝቅ ሲል ብዙ ጊዜ ፖሮው ይሻላል፤ በደንብ የተቀባ ባለ ጣሪያ ግን በጥራት ይስተካከለዋል፣ ለመያዝም ይቀላል።

ሞክሩ፦ 8×42 የተጻፈባቸውን ሁለቱን ዓይነቶች አመሻሽ ላይ አነጻጽሩ።