ጀሶው ሲፈታ ያላለቀ ጉዳይ

የፒያሳ ቁልቁለት ክረምት ላይ እንዴት እንደሚያዳልጥ ታውቃላችሁ። አንዲት እናት ወድቃ እጇ ሲሰበር «ተመስገን፣ ከእጅ አላለፈም» እንላለን። ወጌሻ ያየዋል፣ ወይ ጀሶ ይታሰራል፣ ጀሶው ሲፈታ ነገሩ ይረሳል። መረሳት ግን የለበትም። ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት ከቆመችበት ወድቃ አጥንቷ ከተሰበረ አጥንቷ ሳስቶ ሊሆን ይችላል፤ ቀጥሎ የሚሰበረው ደግሞ ዳሌ ሊሆን ይችላል። የአጥንት መሳሳት እስኪሰበር ድረስ አያምም። ተራ ራጅም ቢሆን ከአጥንቱ ሲሶ ያህሉ ካልጠፋ በደንብ አያሳየውም። ለዚህ የተሠራው ምርመራ ዴክሳ ይባላል።

አክስቴ ስትሄድ ሁለት ነገር ፈርታ ነበር፤ ዋሻ የመሰለ ማሽን ውስጥ መግባትና ማተቧን መፍታት። ሁለቱም አልሆኑም። ማሽኑ ክፍት አልጋ ነው፤ ከላይ አንድ ክንድ ቀስ እያለ ያልፋል። ባለሙያዋም «እማማ፣ ክሩ ይቆይ፤ የብረት መስቀሉን ብቻ ያውልቁልኝ» አለቻት። ዚፕ፣ መርፌ ቁልፍና ቀበቶም ይወልቃሉ። መጀመሪያ ወገቧ አልጋው ላይ ልጥፍ እንዲል እግሮቿን ከፍ ባለ ስፖንጅ ላይ አስቀመጡላት። ቀጥሎ ዳሌዋ ሲነሳ እግሯን ወደ ውስጥ አዙረው በማሰሪያ ያዙት። ትንሽ አይመችም እንጂ አያምም። መርፌ የለውም፣ ሩብ ሰዓት አይሞላም፣ ጨረሩም ከደረት ራጅ ያነሰ ነው።

በልቶ መሄድ ይቻላል። የካልሲየም ኪኒን ግን ከ24 ሰዓት በፊት ይቁም። በቅርቡ ባሪየም ጠጥታችሁ ወይም ቀለም ተወግታችሁ ሲቲ ስካን ከተነሳችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ፤ ቀጠሮው ይገፋል። ዳሌዋ ውስጥ ብረት ያለባት በሌላኛው ትነሳለች።

ወረቀቱ ላይ ቲ ስኮር የሚለውን ፈልጉ። አጥንታችሁን ከጤነኛ ወጣት አጥንት ጋር ያነጻጽራል። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 1994 ባወጣው መለኪያ ከ-1 በላይ ደህና ነው፤ ከ-1 እስከ -2.5 መቀነስ ጀምሯል ማለት ነው፤ -2.5ና ከዚያ በታች የአጥንት መሳሳት ይባላል። የመቀነስ ምልክቷን አትለፏት፤ -3 ከ-2 የባሰ ነው። ቁጥሩ ብቻውን አይፈርድም፤ ሐኪሙ ዕድሜን፣ የቀድሞ ስብራትንና የሚወሰደውን መድኃኒት አብሮ ያያል።

የወር አበባቸው ከ45 ዓመት በፊት የቆመ ሴቶች፣ ፕሬድኒሶሎን ለወራት የወሰዱ ወንዶችና ሴቶች፣ ቁመታቸው እያጠረ ጀርባቸው የጎበጠ ሁሉ ስለዚህ ምርመራ ሐኪማቸውን ይጠይቁ። መጉበጥን «እርጅና ነው» ብሎ ማለፍ ያሳዝነኛል፤ ሳይታወቅ የተሰበረ የአከርካሪ አጥንት ሊሆን ይችላል።

ምኒልክ፣ ራስ ደስታና ጥቁር አንበሳ ሆስፒታሎች ለሰፈራችን ቅርብ ናቸው፤ ራጅ ያለበት ሁሉ ግን ዴክሳ የለውም። እናታችሁን አድክማችሁ ከመውሰዳችሁ በፊት ደውላችሁ መኖሩንና ዋጋውን አረጋግጡ። የውጤቱን ወረቀት አስቀምጡ፤ ምርመራው ሲደገም በዚያው ማሽን ይሁን፣ የተለያዩ ማሽኖች ቁጥር አይነጻጸርም።