ያውቁ ኖሯል? የገዳሪፍ ወፎችና አበቦች

• በምሥራቅ ሱዳኗ ገዳሪፍና በአካባቢዋ የክረምት መግቢያ አብሣሪ የአብዲም ሽመላ ነው። ዝናቡን ተከትሎ ከደቡብ ይመጣና በመንደር ዛፎችና በጎጆ ጣሪያዎች ላይ ይራባል። ፌንጣና አንበጣ ስለሚለቅም ገበሬው ይወደዋል፤ እንደ መልካም ገድም ያየዋል።

• ዝናቡ ሲያበቃ ደግሞ ነጭ ሽመላ ከአውሮፓ ይደርሳል። ወደ ደቡብ ከመቀጠሉ በፊት በምሥራቅ ሱዳን ሜዳዎች አርፎ ይመገባል።

• ቀይ ግራር (በሱዳን «ታልህ») በፀሐይ ወራት ቅጠሉን አራግፎ ሳለ ድብልብል ቢጫ አበባ ያወጣል፤ ለንብም ቀለብ ይሆናል። የሱዳን ሴቶች በእንጨቱ ጭስ ይታጠናሉ።

• የማሽላ ምርት ጠላት የሆነው ግሪሳ በዓለም ላይ በቁጥር ከዱር ወፎች ሁሉ ይበልጣል። አንዱ ወፍ በቀን 10 ግራም ያህል እህል ይበላል፤ መንጋው ግን በሚሊዮን ይቆጠራል።

• እ.ኤ.አ. በ1935 የተቋቋመው የሱዳን ዲንደር ብሔራዊ ፓርክ ከኢትዮጵያ አላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ ጋር ይዋሰናል። የውኃ ወፎች በበጋ የሚሰባሰቡባቸውን «ማያ» የተባሉ ረግረጎች የሚሞሉት ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርዱት የዲንደርና የራሃድ ወንዞች ናቸው። ስለዚህ በእኛ ደጋ የሚመነጠር ደን የድንበር ማዶውንም ወፍ ይጎዳል።