ድምፁን አጥፍቶ የሚመጣው የደም ብዛት

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ የሚወቅሰው በሽተኛውን ነው። ነገር ግን በሽታው ራሱ ከበሽተኛው የተሸሸገ እንደሆነ ወቀሳው ለማን ሊሆን ነው? የደም ብዛት እንዲህ ያለ በሽታ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ራስ ሳይፈልጥ፣ እንቅልፍ ሳይነሣ፣ ምግብ ሳያስጠላ ዓመታት ሙሉ በሰውነት ውስጥ ይቀመጥና አንድ ቀን ድንገት አንጎልን፣ ልብን ወይም ኩላሊትን ይመታል።

በመጀመሪያ ስሙን እንመርምር። «የደም ብዛት» ሲባል ብዙ ሰው ደሙ ከልክ በላይ የበዛ ይመስለዋል፤ ስለዚህም በዋግምት ቢቀዳለት የሚሻለው የሚመስለው አልጠፋም። የሚበዛው ግን ደሙ ሳይሆን ግፊቱ ነው። ልብ በተኮማተረ ቁጥር ደምን ወደ ደም ሥሮች ይገፋል፤ ያን ጊዜ የሚለካው ላይኛው ቁጥር ነው። ልብ ለአፍታ ሲያርፍ የሚለካው ደግሞ ታችኛው ቁጥር ነው። በተለያየ ቀን ተለክቶ ላይኛው 140 ወይም ከዚያ በላይ፣ አለዚያም ታችኛው 90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪሙ የደም ብዛት አለ ይላል።

ይህ በሽታ ሹምና ተራ ሰው አይለይም። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም. በግብፅ አገር፣ በመራራ ሐይቅ ላይ በቆመች የጦር መርከብ ውስጥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሲቀበሉ የቀራቸው ዕድሜ ሁለት ወር ብቻ ነበር። አንድ ዓመት ገደማ አስቀድሞ አንድ የልብ ሐኪም መርምሯቸው ግፊታቸውን 186 በ108 ሆኖ አግኝቶት ነበር። በዚያ ዘመን ግን ደኅና መድኃኒት አልነበረም፤ ብዙ ሐኪሞችም ግፊቱ ከዕድሜ ጋር መጨመሩን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ይቈጥሩት ነበር። ሚያዝያ 4 ቀን 1937 ዓ.ም. ፕሬዚዳንቱ በተቀመጡበት ከባድ የራስ ሕመም ያዛቸውና ራሳቸውን ሳቱ። ግፊታቸው ሲለካ 300 በ190 ሆነ። በዚያው ቀን በ63 ዓመታቸው ዐረፉ።

ሦስት ዓመት ያህል ቈይቶ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1948፣ በዚያው በአሜሪካ ፍራሚንግሃም በተባለች ከተማ ሐኪሞች 5,209 ወንዶችና ሴቶች መዝግበው በየሁለት ዓመቱ ይመረምሯቸው ጀመር። ሐሳባቸው ማን እንደሚታመም፣ ማንስ ጤናውን ጠብቆ እንደሚኖር በትዕግሥት ለማየት ነበር። ከዚህ ረጅም ጥናት የተገኘው ትምህርት አስተሳሰብን ለወጠ። ከፍ ያለ ግፊት በዕድሜ የሚመጣ ጉዳት የሌለው ነገር ሳይሆን የልብና የአንጎል በሽታ ዋና መንገድ ጠራጊ መሆኑ ታወቀ።

ለመሆኑ ግፊቱን ከፍ የሚያደርገው ምንድን ነው? ለአብዛኛው ሰው አንድ ብቻ ምክንያት አይገኝለትም፤ ብዙ ምክንያቶች ተደራርበው ነው። ከነዚህ ውስጥ ልንለውጣቸው የማንችላቸው አሉ፤ ዕድሜና የቤተ ሰብ ውርስ። አባቱ ወይም እናቱ የደም ብዛት ያለበት ሰው ከሌላው ይልቅ መጠንቀቅ አለበት። የስኳርና የኩላሊት በሽታም ከደም ብዛት ጋር እየተደጋገፉ ይሄዳሉ።

የቀሩት ግን በእጃችን ያሉ ናቸው። ከሁሉ አስቀድሞ ጨው ነው። ጨው ውኃን በሰውነት ውስጥ ያስቀራል፤ በደም ሥሮች ውስጥ የሚሄደው ፈሳሽ ሲጨምር ግፊቱም ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለት አንዲት የሻይ ማንኪያ እንኳ የማይሞላ ጨው ይበቃዋል ይላል። በኢትዮጵያ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2015 በተደረገው ጥናት ግን አንድ ዐዋቂ ሰው በቀን በአማካይ 8 ግራም ያህል ይበላ ነበር። ይህ አያስደንቅም። ጨው በበርበሬው አለ፤ በሚጥሚጣውም አለ፤ ወጡ ሲወጣ እንደገና ይጨመራል፤ ቡናውን በጨው የሚጠጣም አገር አለ።

ከጨው ቀጥሎ የሰውነት ውፍረት፣ ቀኑን ሙሉ በወንበር ላይ መዋል፣ መጠጥ ማብዛት ይቈጠራሉ። ጫት በሚቃምበት ጊዜ የልብ ምትንና ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ሲጋራም የደም ሥርን ይጎዳል። እንግዲህ ጨው መቀነስ፣ ጎመንና ፍራፍሬ ማዘውተር፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጠን ብሎ መራመድ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ መከላከያ ነው።

ይሁን እንጂ ራሱን ያላስለካ ሰው መከላከሉን ከየት ይጀምራል? በዚያው ጥናት ከ100 ዐዋቂ ሰዎች 16 ያህሉ ከፍ ያለ ግፊት ሲገኝባቸው አብዛኞቹ በሽታው እንዳለባቸው አያውቁም ነበር። ስለዚህ አንባብያን ሆይ፣ ለጥርስ ሕመምም ሆነ ለሳል፣ ወይም ሕፃን ለማሳከም ወደ ጤና ጣቢያ በሄዳችሁ ጊዜ ሳትለኩ አትመለሱ። ነርሷ ብትረሳው እናንተ ጠይቁ። ቡና ከጠጣችሁ ወይም ሲጋራ ካጨሳችሁ ግማሽ ሰዓት ይለፍ፤ ሽንታችሁን ሸንታችሁ፣ ጀርባችሁን አስደግፋችሁ አምስት ደቂቃ ዕረፉ፤ ክንዳችሁን በልባችሁ ትክክል በጠረጴዛ ላይ አሳርፉ፤ በሚለካበት ጊዜም አትነጋገሩ። ቁጥሮቹን በወረቀት ጻፉና ያዙ።

መድኃኒት የታዘዘለትም ሰው «ተሽሎኛል» ብሎ በገዛ ፈቃዱ አያቋርጥ። ግፊቱ የወረደው መድኃኒቱን ስለ ዋጠ ነው፤ ቢተወው ተመልሶ ይወጣል። ነጭ ሽንኩርትም ሆነ የሽፈራው ቅጠል የሐኪሙን ኪኒን አይተካም። ሩዝቬልት በዘመናቸው ሊያገኙት ያልቻሉት ኪኒን ዛሬ በብዙ ጤና ጣቢያ ይገኛል፤ የሚቀረው ክንድን ዘርግቶ መለካት ነው።