የቆላው አንበሳ

ልጃችሁ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወይም ወደ ቋራ ቆላ የሚወርድባችሁ ወላጆች ሆይ፤ ከስንቁ ጋራ ይህን ምክር ጨምሩለት። በሱዳን ወሰን ባለው በአላጥሽ ፓርክ አንበሳ መኖሩ በ2008 ዓመተ ምሕረት በፎቶግራፍ ተረጋገጠ፤ የአገሩ ሰው ግን ፎቶግራፍ ሳይጠብቅ ያውቀው ነበር።

አንበሳ ቀኑን በጥላ ተኝቶ ይውልና አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት ያድናል፤ ስለዚህ ከመሸ ወዲያ ብቻውን ወደ ወንዝ አይውረድ። ድንገት ቢገናኘው ጀርባውን ሰጥቶ አይሽሽ፤ የሚሸሽ ሁሉ የሚታደን ይመስለዋልና። ፊቱን ሳያዞር፥ ድምፁን ከፍ አድርጎ፥ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ያፈግፍግ። ይልቁንም ደቦል ያላት እንስትና ግዳዩን የሚበላ አንበሳ አደገኞች ናቸው።

አባቶቻችን አንበሳ ገድለው ጎፈር ይደፉ ነበር፤ ዛሬ ግን በአላጥሽ ማደን ክልክል ነው። በጥይት ቈስሎ ያመለጠ አንበሳ በረጅሙ ሣር ይሸሸጋል፤ የሚያገኘውም የተኰሰበትን ሳይሆን ማገዶ ለቃሚውን ሊሆን ይችላል።