ከኋላ ዲፈረንሻል ስለሚሰማ የመንኳኳት ድምፅና መንስኤውን ለይቶ ስለ ማወቅ

በድርቅ ለተጎዳ ሕዝብ የተላከ እህል ወደብ መድረሱ ብቻውን ዕርዳታ አይባልም፤ ዕርዳታ የሚሆነው ማከፋፈያ ጣቢያ ሲደርስ ነው። በ1977 ዓ.ም. የዕርዳታ እህል በአሰብ ወደብ ተከማችቶ ሳለ ወደ ውስጥ አገር ለማጓጓዝ ዋናው ችግር የካሚዮን እጥረት እንደነበር ይታወሳል። ስለዚህ አንድ ተሽከርካሪ በተሳሳተ ምርመራ ምክንያት ጋራዥ ውስጥ ሲቆም ጉዳቱ የሚደርሰው በተሽከርካሪው ላይ ብቻ ሳይሆን እህሉን በሚጠባበቀው ሕዝብ ላይም ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ስሕተት አንደኛው ምክንያት ከኋላ የሚሰማ «ቋ» የሚል ድምፅ ነው። ድምፁ ከኋላ በመምጣቱ ብቻ ዲፈረንሻሉ ተበላሽቷል ተብሎ ይፈታል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ሌላ ቦታ ይገኛል።

ኃይል ከካምቢዮ የሚነሣው በማስተላለፊያው ዘንግ አማካይነት ነው። ዘንጉ ክሮቼራ በሚባሉት መገጣጠሚያዎች በኩል ፒኞኑን ያዞራል፤ ፒኞኑም ትልቁን ኮሮና ያዞራል። ከኮሮናው ጋር በታሰረው ቤት ውስጥ ያሉት ትናንሽ ማርሾች ደግሞ ተሽከርካሪው በሚታጠፍበት ጊዜ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው ፈጥኖ እንዲዞር ያስችላሉ። ጥርስና ጥርስ በሚገናኙበት ቦታ ጥቂት ክፍተት የግድ ያስፈልጋል። በቀላል ተሽከርካሪዎች በፒኞንና በኮሮና መካከል ያለው ክፍተት በአብዛኛው ከሩብ ሚሊሜትር አይበልጥም። ነገር ግን ከካምቢዮ እስከ ጎማ ያለው እያንዳንዱ መገጣጠሚያ በመበላት የየራሱን ክፍተት ስለሚጨምር፣ የሚሰማው ድምፅ የሁሉም ድምር ሊሆን ይችላል።

በመጀመሪያ ድምፁ መቼ እንደሚሰማ መለየት ይገባል። ተሽከርካሪው ሲነሣ፣ ነዳጅ ሲሰጥና ሲለቀቅ፣ ወይም ከፊት ማርሽ ወደ ኋላ ማርሽ ሲዛወር አንድ ጊዜ ብቻ «ቋ» የሚል ከሆነ፣ በቅድሚያ የሚጠረጠሩት ክሮቼራው፣ የዘንጉ ተንሸራታች ጥርስና የላሉ ብሎኖች ናቸው። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ብሎኖች ሲላሉም ተመሳሳይ ድምፅ ይሰማል። በመታጠፍ ጊዜ ብቻ የሚሰማ ከሆነ የውስጥ ትናንሾቹ ማርሾች መበላታቸውን ያመለክታል። ከጎማው መዞር ጋር እየተመላለሰ፣ ፍጥነት ሲጨምር የሚፈጥን ምት ከሆነ ግን ጥርስ መሰበሩ ያሠጋል። የማያቋርጥ ጩኸት ወይም ማጓራት ደግሞ ከመንኳኳት የተለየ ነው፤ ይህ ወደ ኩሽኔታ መበላት ወይም ወደ ፒኞንና ኮሮና አገጣጠም መዛባት ያመራል።

ቀጥሎ የሚደረገው ምርመራ ከእጅ በቀር መሣሪያ አይጠይቅም። ተሽከርካሪው በለጥ ያለ ሜዳ ላይ ይቆማል፤ ሞተሩ ይጠፋል፤ ጎማዎቹ ከፊትም ከኋላም በታኮ ይያዛሉ፤ ከዚያም ማርሹ ነፃ ይደረጋል። እንደ ቀድሞዎቹ ላንድሮቨሮች ባሉት ተሽከርካሪዎች የእጅ ፍሬኑ ዘንጉን ራሱን ስለሚይዝ፣ ታኮው በሚገባ ከተደረገ በኋላ መለቀቅ አለበት። መርማሪው ከሥር ገብቶ ዘንጉን በሁለት እጁ ይዞ ወዲያና ወዲህ ያዞራል። የክሮቼራው አንደኛው ወገን ተንቀሳቅሶ ሌላኛው ከዘገየ ጥፋቱ ክሮቼራው ላይ ነው። ክሮቼራው ጤናማ ሆኖ የፒኞኑ ማሰሪያ ብዙ ከዞረ በኋላ ብቻ ዲፈረንሻሉ የሚይዝ ከሆነ ክፍተቱ ውስጥ ነው። ማሰሪያው ወደ ላይና ወደ ታች ሲገፋ ከተነቃነቀ የፒኞኑ ኩሽኔታ ተበልቷል ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ዘይቱ ይታያል። ደረጃው በመሙያው ቀዳዳ አፍ ላይ መሆን አለበት። በመግነጢሱ ላይ እንደ ጭቃ የላመ ጥቁር ደቃቅ ብረት ቢገኝ የተለመደ ነው፤ ቅርፊት ወይም የጥርስ ስባሪ ከተገኘ ግን ዲፈረንሻሉ መፈታት አለበት። ዘይቱ ነጭ ወተት መስሎ ከተገኘ ውኃ ገብቶበታል። ይህም በበረሃ መንገድ በሚሠሩ ተሽከርካሪዎች ላይ የሚያጋጥም ነው፤ የአክስሉ መተንፈሻ በአቧራ ሲደፈን፣ የጋለው አክስል ወንዝ ውስጥ ገብቶ ድንገት ሲቀዘቅዝ በዘይት መከላከያዎቹ በኩል ውኃ ይስባል። ለኋላ ዲፈረንሻል በአምራቹ የታዘዘው የማርሽ ዘይት እንጂ የሞተር ዘይት መተካት የለበትም፤ ጥርሶቹ በከባድ ጭነት ተፋትገው ስለሚንሸራተቱ የሞተር ዘይት አይበቃቸውም።

ከዚህ የሚከተለው ውሳኔ ግልጽ ነው። የላላ ብሎን ይጠበቃል፤ የተበላ ክሮቼራም በሚቀጥለው ጣቢያ ይለወጣል፤ ክሮቼራውን ችላ ማለት ግን ዘንጉ ተበጥሶ ሌላ ጉዳት እንዲያደርስ መፍቀድ ነው። ተመላላሽ ምት የሚሰማበት ወይም የጥርስ ስባሪ የተገኘበት ተሽከርካሪ ጭነቱን ለሌላ አስረክቦ መቆም አለበት። የተሰበረ ጥርስ በማርሾቹ መካከል ገብቶ የኋላ ጎማዎችን ድንገት ቢቆልፍ፣ በተለይ ቁልቁለት ላይ፣ ሹፌሩንም ረዳቱንም እህሉንም ለአደጋ ያጋልጣል።

ስለሆነም የስምሪት ኃላፊዎች ከሹፌሩ «ከኋላ ይንኳኳል» የሚል ቃል ብቻ ሳይቀበሉ፣ ድምፁ በምን ፍጥነት፣ በምን ጭነት፣ ነዳጅ ሲሰጥ ወይስ ሲለቀቅ፣ በቀጥታ መንገድ ወይስ በመታጠፊያ እንደተሰማ በጉዞ መዝገብ ላይ እንዲጻፍ ማድረግ ይገባቸዋል። ይህ አጭር ጽሑፍ ለመካኒኩ የግማሽ ቀን ሥራ ይቆጥባል፤ ለተራበው ሕዝብ ደግሞ እህሉ በቀኑ እንዲደርስ ይረዳል።