ሴፍቲኔት ያላወቃቸው የቀፊራ ሴቶች

በኮሮና ጊዜ መንግሥት ለድሃው ምንም አላደረገም ሲባል እሰማለሁ። እንደዚያ አይደለም። መጋቢት 30 ቀን 2012 የታወጀውን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ተከትሎ በወጣው ደንብ፣ ቀጣሪ ሠራተኛ እንዳያሰናብት፣ አከራይም ተከራይ እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር ተከልክሎ ነበር። ድሬዳዋ ደግሞ በ2009 የከተማ ሴፍቲኔት ከተጀመረባቸው 11 ከተሞች አንዷ ናት። በልማት ሥራ የታቀፉት ተጠቃሚዎች ሥራ ሳይወጡ የሦስት ወር ክፍያ አስቀድሞ እንዲሰጣቸው ተወሰነ። ትክክለኛ ውሳኔ ነበር፤ ብዙ ቤት እሳት እንዳይጠፋ አድርጓል።

በድሬዳዋው የቀፊራ ገበያ ጉልት ላይ ለተቀመጡት ግን አልሆነም። ለምን እንደሆነ የሚገባን ሒሳባቸውን ስናይ ነው። ቲማቲም የምትሸጥ እናት ጠዋት ከጅምላ ነጋዴ በዱቤ ታነሳለች። ማታ ዕዳዋን ትከፍላለች፤ የተረፈው የልጆች እራት ነው። በማግስቱ ዱቤ የምታገኘው የትናንቱን ስለከፈለች ብቻ ነው። ገዢ ከጠፋ የድሬ ሙቀት ቲማቲሙን አያሳድርላትም፣ ዕዳው ግን ያድራል። ሁለት ሦስት ቀን እንዲህ ከዋለች ከትርፉ አልፎ ንግዱ ራሱ ይሄዳል።

ለዚህች ሴት የሥራ ዋስትናው ድንጋጌ ምን ያደርግላት ነበር? ቀጣሪ የላትም። ጡረታ የላትም። ሴፍቲኔቱም አያውቃትም ነበር፤ ምልመላው ያለቀው ከወረርሽኙ በፊት ነው፣ ያኔ ደግሞ ሠርታ አዳሪ እንጂ «የድሃ ድሃ» አልነበረችም። ዕድሩና አፎሻው አሉ እንዳይባል፣ እነሱም መዋጮ የሚሰበስቡት ከዚያው ከቀዘቀዘው ገበያ ነው።

በዚያው ሰሞን ቶጎ «ኖቪሲ» በተባለ ፕሮግራም የመራጮችን መዝገብ ይዛ፣ ገቢያቸው ለተቋረጠ የዕለት ሠራተኞች በሞባይል ገንዘብ ላከች፤ ለሴቶች ከወንዶች አብልጣ። እኛ ያኔ ቴሌብር እንኳ አልነበረንም፤ የመጣው በግንቦት 2013 ነው። አሁን ቴሌብርም ፋይዳም አለ። የሚያስፈልገው የጉልት ነጋዴውን፣ ተሸካሚውን፣ ባጃጅ ነጂውን ገና በደህናው ቀን የሚይዝ መዝገብ ነው፣ ገበያ ሲዘጋ ማን ገቢ እንዳጣ በዚያው ቀን እንዲታወቅ። መዝጋቢዎቹም ቀፊራ ድረስ ይምጡ። ቀበሌ ተሰልፋ የዋለች ሴት የዚያን ቀን እራት አጥታ ነው የምትመዘገበው።